የድሮ የጨዋታ መጽሔቶችን ጽሑፍ በኦንላይን ግሩፕ ከማጋራት በፊት

ተጫዋቾች በምናብ ገጸ ባሕርያትን ሆነው ታሪክ የሚጫወቱባቸውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስንና መሰል የጠረጴዛ ጨዋታዎችን የሚወዱ ሰዎች በሚሰባሰቡባቸው የዲስኮርድና የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ «ያ በድሮው ድራገን መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ ያለው ሰው ይልቀቅልን» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። መጽሔቱ በወረቀት መታተሙን በ2007 ስላቆመ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ስካኑ ቢለጠፍ የሚጎዳ ወገን የለም ብሎ የሚያስበው ብዙ ነው። ሕጉ ግን አንድ ሥራ ከገበያ ስለጠፋ ብቻ የቅጂ መብቱ ቀርቷል አይልም፤ ስለዚህ ከማጋራትዎ በፊት የሚጠብቅዎት ዋናው ሥራ የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ማጣራት ነው።

በጽሑፉ ዕድሜ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የድራገን የመጀመሪያ እትም በጁን 1976 የወጣ ሲሆን፣ የቅጂ መብት ማስታወሻ ታትሞበት በዚያ ዘመን የወጣ ሥራ በአሜሪካ ሕግ ከታተመበት ዓመት ጀምሮ 95 ዓመት ጥበቃ ስለሚያገኝ፣ ይህ እትም እስከ 2071 መጨረሻ ድረስ የተጠበቀ ነው። ከ1978 ወዲህ ለተጻፉት ደግሞ ጥበቃው በአብዛኛው ጸሐፊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። «አርባ ዓመት አልፎታል እኮ» የሚለው ክርክር እንግዲህ የትም አያደርስም።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ግን ሰፊ ነው። የድራገን አሳታሚ የነበረውን ቲኤስአርን በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ገዛው፤ ዊዛርድስን ደግሞ በ1999 የአሻንጉሊት ኩባንያው ሃዝብሮ ገዛው። ከዚህ ተነሥቶ ጽሑፉ ሁሉ የሃዝብሮ ነው ማለት ይቀልላል፤ ሆኖም ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝተኞች ሳይሆኑ በየጽሑፉ የሚከፈላቸው የውጭ ጸሐፊዎች ነበሩ። ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ጸሐፊ መብቱን በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር የጽሑፉ ባለቤት ራሱ ነው፤ አሳታሚው ጽሑፉን የማውጣት መብት የሚኖረው በዚያው እትም፣ በእትሙ ክለሳ ወይም በዚያው መጽሔት ተከታይ እትም ውስጥ ብቻ ነው። በ1999 የመጽሔቱ 250 እትሞች በሲዲ ተሰብስበው ሲወጡ ጉዳዩ ፈጠጠ፤ በመጽሔቱ ላይ ይወጣ የነበረ የኮሚክ ሥራ ባለቤት የሆነው ኬንዘር ኤንድ ካምፓኒ ሥራው ያለ ፈቃዱ መካተቱን ተቃወመ፤ አለመግባባቱም በስምምነት ተቋጨ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ከኒውዮርክ ታይምስ ጋር የተከራከሩትን ውጫዊ ጸሐፊዎች ደግፎ፣ ጽሑፎቻቸውን ከእትሙ ነጥሎ በኤሌክትሮኒክስ መዝገብ ማስቀመጥ ፈቃዳቸውን እንደሚጠይቅ ወሰነ። አሳታሚዎቹ ራሳቸው የተረቱበትን ነገር፣ ማለትም ጽሑፍን ከእትሙ ቆርጦ ማውጣትን፣ እኛ በየግሩፑ ያለ አንዳች ሥጋት ስናደርገው እንውላለን።

ስለዚህ መጽሔቱን ሲከፍቱ በመጀመሪያ የአዘጋጆቹ ስም የተዘረዘረበትን ገጽ ይፈልጉና ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የታተመውን የመብት ማስታወሻ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ቀጥሎ ወደ ጽሑፉ ይመለሱና በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በጸሐፊው ስም የተለየ ማስታወሻ እንዳለ ይመልከቱ። ሥዕሎቹን አይርሱ፤ በሥዕሉ ጥግ ላይ የምትታየው ትንሽ ፊርማ ሌላ ባለመብት ሊኖር እንደሚችል ትጠቁማለች። ከ1978 ወዲህ የተመዘገቡ ሥራዎችን በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ የኦንላይን መዝገብ በነጻ መፈለግ ይቻላል፤ ስሙ ካልተገኘ ግን ሥራው ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ጥበቃው በምዝገባ ላይ የተመሠረተ አይደለም።

እንደ እኔ ግምት አብዛኛው ጠያቂ የሚፈልገው ስካኑን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ሐሳብ ነው፤ ይህንን ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅዱ ማካፈል ይቻላል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በ1879 ስለ ሒሳብ አያያዝ ከተሰጠ ውሳኔ ጀምሮ የሚሉት አንድ ነው፦ ጥበቃው ለአገላለጹ እንጂ ለአሠራሩ አይደለም። አንድ ጽሑፍ ለጉዞ ጀብዱ የሚሆን የአየር ጠባይ የጨዋታ ሕግ አውጥቶ ነበር እንበል። «ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ከ9 ከበለጠ ዝናብ ይዘንባል፤ ቡድኑም በዚያ ቀን የሚጓዘው ግማሹን መንገድ ብቻ ነው» ብለው በራስዎ ቃል መጻፍ ይችላሉ። ማዕበሉ ተራራውን ሲያለብስ የሚተርከው አንቀጽ ግን የጸሐፊው ነው፤ ቃላቱን እየቀያየሩ መገልበጥም ከተጠያቂነት አያድንም። ለመተቸት ወይም ለማብራራት አጭር ጥቅስ መውሰድ በአሜሪካ ሕግ በፍትሐዊ አጠቃቀም (ያለ ፈቃድ ውስን አጠቃቀምን በሚፈቅደው ደንብ) ሊሸፈን ይችላል፤ ሙሉ ጽሑፍ መለጠፍ ግን በዚህ ሰበብ የሚያልፍበት ዕድል ጠባብ ነው። የዊዛርድስ የአድናቂዎች ይዘት ፖሊሲም አድናቂዎች የራሳቸውን ሥራ በነጻ እንዲያወጡ ሲፈቅድ፣ የኩባንያውን ሥራ ቃል በቃል ገልብጦ ማሠራጨትን አይፈቅድም።

ሙሉውን ጽሑፍ ማጋራት የግድ ከሆነ ጸሐፊውን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ዛሬም የራሳቸው ገጽ አላቸው። በደብዳቤዎ የመጽሔቱን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና ገጹን ይጥቀሱ፤ የት እንደሚለጠፍ፣ ግሩፑ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ገንዘብ የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑንም በግልጽ ይንገሩ። ለአማርኛ አንባቢ ሊተረጉሙት ካሰቡ ይህንንም ለይተው ይጠይቁ፤ መተርጎም በራሱ የባለመብቱን ፈቃድ የሚሻ ነውና። ለመጽሔቱ ምን ዓይነት መብት እንደሸጡ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ሁሉንም መብት ሸጠው ከሆነ ፈቃዱ የሚገኘው ከአሳታሚው ነው። መልስ ካልመጣ ዝምታውን እንደ እሺታ አይቁጠሩት፤ መልስ ከመጣ ግን ደብዳቤውን ያስቀምጡ፤ ነገ ሌላ አድሚን ሲተካ «ማን ፈቀደ?» ማለቱ አይቀርምና።

ፈቃድ ሳይገኝ የተለጠፈ ፋይል ካለና ባለመብቱ እንዲነሣ ከጠየቀ፣ ክርክር ሳያበዙ ወዲያው ያንሡት፤ በስፍራውም የመጽሔቱን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና የገጹን ቁጥር ይተዉ። ያገለገለ የወረቀት ቅጂ ገዝቶ ማንበብም ሆነ ለጓደኛ ማዋስ ሕጋዊ ስለሆነ፣ ፈላጊው በዚያ መረጃ ራሱ ሊያፈላልገው ይችላል።