ሕፃኑ ሲተኛ የትኛው ሥራ ይቅደም?

ቤት ውለው ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወላጆች ሕፃኑን እንቅልፍ እንደወሰደው ዓይናቸው ያረፈበትን ሥራ ሁሉ ለመጨረስ ይጣደፋሉ፤ እኔ ግን ያቺን አጭር ሰዓት ልጁ ነቅቶ ሳለ ሊሠሩ ለማይችሉ ነገሮች ብቻ እንዲያቆዩ እመክራለሁ። ልብስ ማጣጠፍና ምስር መልቀም ልጁ አጠገብዎ እየተጫወተ ሊከናወኑ ይችላሉ (መዳህ የጀመረ እንደሆነ ግን የታጠፈውን መልሶ መበተኑ አይቀርም)። በአንጻሩ በጋለ ምጣድ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ መተኮስና መታጠቢያ ቤት በበረኪና ማጽዳት፣ ልጅ እግር ሥር ሲርመሰመስ አደገኛ ስለሆኑ ለእንቅልፉ ሰዓት ይቀመጡ።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን፣ በተለይ ሌሊቱን ሲያጠቡ ያደሩ እናቶች፣ የስልካቸውን ማንቂያ ለ20 ደቂቃ ሞልተው ጋደም ቢሉ ይሻላል፤ በእጅጉ የረዘመ የቀን እንቅልፍ ሲነቁ ሊያደነዝዝ ይችላል። ጋደም ሲሉ ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር አይተዉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 እስከ 2 ዓመት ላሉ ልጆች የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚመክር፣ የሚጮኸውን የጁስ መፍጫ ልጁ ከነቃ በኋላ ያስነሡት።