በሁለት ቋንቋ ያደገ ተማሪ የጥናት ጽሑፉን እንዴት ይጻፍ?

አዳማ ላይ ያደገ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ቋንቋ ይቀይራል። ከእናቱ ጋር በአፋን ኦሮሞ ተጨዋውቶ ይወጣል፣ ከባጃጅ ሹፌሩ ጋር በመልስ ጉዳይ በአማርኛ ይከራከራል፣ ክፍል ሲገባ ደግሞ የመምህሩን ገለጻ በእንግሊዝኛ ይመዘግባል። ይህን ሁሉ ሳያስበው የሚያደርገው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመመረቂያ ጥናቱን እንዲጽፍ ሲጠየቅ ግን ከባዶ ገጽ ጋር ተፋጦ ያመሻል፤ ሦስቱም ቋንቋዎች ተማክረው የከዱት ይመስለዋል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርኩ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት የተማሪዎችን ረቂቅ እያነበብኩ አስተያየት ስሰጥ የታዘብኩት፣ አብዛኞቹ የቋንቋ ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን የትኛውን ቋንቋ ለየትኛው ሥራ ማሰማራት እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው ስለሌለ እንደሚቸገሩ ነው። ከዚህ በታች የማሰፍረው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ከአማካሪዬ ሲመለስልኝ በኅዳጉ ላይ «ታዲያ አንተ ምን ትላለህ?» ከሚል አንድ ጥያቄ በቀር ምንም አልተጻፈበትም ነበር። አሥራ ሁለቱን ገጽ የሞላሁት ከየመጽሐፉ በለቃቀምኳቸውና እንግሊዝኛቸው ባማረኝ ዓረፍተ ነገሮች ስለነበር ጥያቄው አናደደኝ እንጂ አልገባኝም። ማታ ለታላቅ ወንድሜ በአፋን ኦሮሞ ሳማርር «እሺ፣ ለማለት የፈለግከው ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም የገበያ ነጋዴዎች ባንክ አጠገባቸው እያለ በዕቁብ የሚተማመኑት ድንገት የቸገረው አባል ተራውን ከሌላው ጋር መለዋወጥ ስለሚችል ነው፣ ባንክ ግን እንዲህ አያደርግም ብዬ መለስኩለት። ይህ መልስ በአሥራ ሁለቱ ገጽ ውስጥ የትም አልነበረም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ዋና ሐሳባችሁን በምትከራከሩበት ቋንቋ ተናገሩት። ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጉና፣ ከተቻለም ስለ ጉዳዩ ምንም ከማያውቅ ዘመድ ፊት ተቀምጡና፣ ምን እንደምትሉ፣ ያንን በምን እንዳወቃችሁ፣ እንዲሁም «አይ፣ እንደሱ አይደለም» የሚል ሰው በምን ሊሞግታችሁ እንደሚችል አስረዱ። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየተቀላቀሉባችሁ ቢመጡ አትጨነቁ፤ በዚህ ደረጃ ቋንቋችሁን የሚያርም ማንም የለም። ቀጥሎ ቅጂውን አዳምጡና ሦስት አራት መስመር ማስታወሻ ያዙ። ከዚያ በኋላ ቅጂውን ዝጉትና ጥናቱን በሚጻፍበት ቋንቋ ከባዶ ጀምሩት።

የተናገራችሁትን ቃል በቃል አትተርጉሙ የምለው በምክንያት ነው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ግሡን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን አስቀድሞ ግሡን ወዲያው ያስከትላል። «ከገጠር መጥተው በከተማዋ ገበያዎች አትክልት የሚሸጡ ሴቶች ቋሚ የመሸጫ ቦታ በማጣታቸው የሚደርስባቸውን ኪሳራ ይህ ጥናት ይመረምራል» የሚለውን ብንወስድ፣ የአማርኛ አንባቢ ግሡ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣለት ስለሚያውቅ ረጋ ብሎ ይጠብቃል። ይኸው ዓረፍተ ነገር በቃላቱ ቅደም ተከተል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን ሴቶቹ፣ ገበያውና አትክልቱ ከፊት ይደረደሩና አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳይገባው መስመሩ ያልቃል። መላው ከኋላ መነሣት ነው፦ «ይመረምራል» የሚለውን ያዙ፣ ማን ብላችሁ ጠይቁ፣ «ይህ ጥናት» የሚለውን ከፊቱ አድርጉ፣ ኪሳራውን አስከትሉ፣ የማን ኪሳራ እንደሆነና ምክንያቱ ምን እንደሆነ ደግሞ አስፈላጊ ከሆነ በሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። አማካሪዎች «ዓረፍተ ነገርህ ረዘመ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው፤ ርዝመቱን ብቻ እያያችሁ በነጥብ ብትቆራርጡት በሽታው አይድንም።

ሌሎቹ ጥቃቅን ናቸው። በአማርኛ «ምንም እንኳን» ብሎ ጀምሮ «ቢሆንም» ካሉ በኋላ «ግን» መጨመር ስለተለመደ በእንግሊዝኛ ጽሑፋችን «ኦልዞው» ባለበት ዓረፍተ ነገር «በት» ይደገማል፤ አንዱን ሰርዙት። አማርኛ «ቤቱ» ብሎ ቃሉ ላይ የሚለጥፈውን እንግሊዝኛ «ዘ» ብሎ ለብቻው ያቆመዋልና እሱንም እንረሳዋለን። ረቂቁ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ለዚህ ብቻ ብላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። ሐሳቡንም ሰዋስዉንም በአንድ ንባብ አርማለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ጓደኞቻችሁ እንግሊዝኛ ሲያወሩ እንደ ወንዝ እየፈሰሱ ሲጽፉ ግን እንደሚንገዳገዱ አስተውላችሁ ይሆናል። ጂም ከሚንስ የተባለው በካናዳ የሚሠራ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 የዕለት መግባቢያ ቋንቋንና የትምህርት ቋንቋን የለያቸው ለዚህ ነው፤ ወደ ካናዳ የገቡ የስደተኛ ልጆች የመጀመሪያውን በሁለት ዓመት ገደማ ሲይዙት በሁለተኛው ከእኩዮቻቸው ጋር ለመስተካከል ግን ከአምስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር። የእኛ ሁኔታ ከዚያም ይለያል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ስላደረገ፣ የአዳማ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ በማይሰማው ቋንቋ ኬሚስትሪና ታሪክ ይማራል። ይሁን እንጂ ከሚንስ የተናገረው ሌላም ነገር አለ፦ በአንዱ ቋንቋ የተማራችሁት የማስረዳትና የመሞገት ችሎታ ወደ ሌላው ይሻገራል። በአፋን ኦሮሞ ሽማግሌ ፊት ጉዳዩን ማስረዳት የሚችል ሰው መከራከርን እንደገና ከሀሁ አይጀምርም፤ የሚጎድለው ልብሱ ነው።

ቃለ መጠይቅ ለምታደርጉ ሁሉ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ እሱም ሰዎች በአንድ ቋንቋ የነገሯችሁን በሌላ ቋንቋ የመጻፍ ኃላፊነት ነው። አንዲት ተማሪ በአዳማ ዙሪያ ገበሬዎችን በአፋን ኦሮሞ አነጋግራ፣ የሰማችውን በቀጥታ በአማርኛ ፊደል ገልብጣ፣ ከአማርኛው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ አመጣችልኝ። አማርኛው ላይ ገበሬው «በዳቦ ነው የምናርሰው» ይላል። ግራ ገባኝ፤ እርሷም እንግሊዝኛው ላይ ለሠራተኛ ዳቦ እንደሚከፈል አድርጋ ጽፋዋለች። ገበሬው ያለው ደቦ ነበር፤ በአፋን ኦሮሞ አነጋገር የመጀመሪያዋ ድምፅ ለጆሮዋ «ዳ» ስለመሰለቻት እንደሰማችው ጻፈቻት፣ ቀን ቆይታ ስትተረጉም ደግሞ የራሷ ጽሑፍ አሳሳታት።

ስታርመው ደቦን «የቡድን ሥራ» በሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ተካችው፤ ይህም ቢሆን አንባቢውን ወደ ክፍል ውስጥ የቡድን ሥራ ይወስደዋል። ከዚህ የባሰው ግን ደቦና ወንፈልን አንድ ማድረጉ ነው። በደቦ ጠሪው ምግብና መጠጥ ያሰናዳል፣ ጎረቤቱ መጥቶ ሥራውን ያነሣለታል፤ በወንፈል ግን ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ቀን ነገ ሄጄ እመልስልሃለሁ፣ ቀኑም ይቆጠራል። ስለ ገጠር ጉልበት ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ የጥናቱ እምብርት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ የተስማማነው ቃሉን እንዳለ በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ አስቀምጣ በመጀመሪያው ቦታ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ልታብራራውና ከዚያ በኋላ በቃሉ ብቻ ልትጠቀም ነበር። «ይሉኝታ»ን የመሰለ ቃል ሲገጥማችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ በእንግሊዝኛ «ኀፍረት» ብላችሁ ካለፋችሁት የተናጋሪውን ግማሽ ሐሳብ ጣላችሁት ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት የምመክረው አሠራር የሚከተለው ነው። ቅጂውን በተነገረበት ቋንቋ፣ በዚያው ቋንቋ ጽሕፈት ገልብጡ። በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ ይፋ ጽሕፈት የሆነው ቁቤ ረጅም አናባቢንና የሚጠብቅ ድምፅን በመድገም ያሳያል፤ የአማርኛ ፊደል ይህን አያሳይም። በአፋን ኦሮሞ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በፊደል ብትጽፏቸው ሁለቱም «ላፋ» ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ በቁቤ ግን አይምታቱም። አማርኛ ለተናገረ ሰው ደግሞ በፊደል ጻፉ፤ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» ማለት ሊሆን ስለሚችል አሻሚ በሆነበት ቦታ በቅንፍ ማስታወሻ ያዙ። ትርጉሙን ከምንጩ በቀጥታ ወደ ጥናቱ ቋንቋ አድርጉ እንጂ በአማርኛ በኩል አታዙሩት፤ በተሻገረ ቁጥር ይፈሳል። ከዚያ ቅጂውን ያልሰማ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ጓደኛ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ወደ አፋን ኦሮሞ እንዲመልሰው ጠይቁና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። ሁሉንም ገጽ ማድረግ አያስፈልግም፤ ማስረጃ አድርጋችሁ የምትጠቅሷቸውን አንቀጾች ብቻ አድርጉ። በጥናቱ ዘዴ ክፍል ማን እንደተረጎመ ጻፉ፣ የመጀመሪያውን ቃል ደግሞ በአባሪ አያይዙት።

ማንነትም ወደ ጥናቱ የሚገባው እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ የቋንቋው ተናጋሪ መሆኑን እንደ ነውር ይደብቀዋል ወይም በምስጋና ገጽ ላይ ብቻ ያነሣዋል፤ በእኔ አመለካከት ቦታው የጥናቱ ዘዴ ክፍል ነው። «አጥኚው የአካባቢው ተወላጅና የቋንቋው ተናጋሪ ነው» ብላችሁ ጥቅሙን ከጻፋችሁ በኋላ ጉዳቱንም ጻፉ። እኔን ነጋዴዎቹ እንደ ልጃቸው ስላዩኝ «አንተማ ታውቀዋለህ» እያሉ ያለፉት ነገር ብዙ ነበር፤ እንደ ባዕድ ቆጥረውኝ ቢሆን ኖሮ ያብራሩልኝ ነበር። «እኔ» ብሎ መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ አማካሪያችሁን ጠይቁ፤ የትምህርት ክፍሎች አቋም ይለያያል፤ ጭቅጭቁም ለአንድ ቃል ሲባል አያስፈልግም።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ «ይባላል» የምትባል መሸሸጊያ አለችን። «አዳማ ስሟን ያገኘችው አዳሚ ከተባለ የቁልቋል ዓይነት ነው ይባላል» ማለት ለቡና ጨዋታ ይበቃል፤ በጥናት ጽሑፍ ግን የሚለው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሽማግሌ ነግረዋችሁ ከሆነ መቼና የት እንደነገሯችሁ ጻፉ፣ መጽሐፍ ላይ አንብባችሁ ከሆነ መጽሐፉን ጥቀሱ፤ ሁለቱም ከሌለ ዓረፍተ ነገሩን አውጡት። በዚያው አንቀጽ ስለ ከተማዋ ስትጽፉ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ የተወሰደው ናዝሬት የሚለው ስም በአሮጌ ሰነዶችም በብዙ ሰው አፍም አለ። ሰነዱን ስትጠቅሱ በውስጡ ያለውን ስም አትለውጡ፤ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ግን አዳማ በሉና ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን በመጀመሪያው ቦታ አንድ ጊዜ ተናገሩ።

የሰው ስም ሌላው ፈተና ነው። የኢትዮጵያ ደራሲ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። የማጣቀሻ ሶፍትዌር ግን ይህን ስለማያውቅ አባቱን አስቀድሞ ልጁን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። ዞቴሮን የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙን በአንድ ሳጥን ብቻ እንዲይዝ የሚያደርግ ምርጫ ስላለው ሙሉ ስሙን እዚያ አስገቡ፤ የትምህርት ክፍላችሁ የውጭውን ሥርዓት ተከተሉ ካለ ደግሞ ለሁሉም ደራሲ እኩል ተከተሉ። ዘመንም እንዲሁ ነው፦ 1986 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1993 እስከ መስከረም 1994 ያለው ጊዜ ስለሆነ ወሩን ሳታውቁ ስምንት ደምራችሁ አትለፉ።

ሊታተም ሲቃረብ የምትረሱት ነገር ቢኖር ፊደሉ ነው። አባሪው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ጥናት በፍላሽ ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ኮምፒውተሩ ቅርጸ ፊደሉ ከሌለው ገጹ በባዶ ሳጥኖች ተሞልቶ ይወጣል፤ ጥራዙ ከተጠረዘ በኋላ ያየ ተማሪ አውቃለሁ። ቤታችሁ ሳላችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፣ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ክፈቱና የአባሪውን ገጾች አንድ በአንድ ተመልከቱ፣ ለማተሚያ ቤቱም ያንኑ ፋይል ስጡ።