ለድሬዳዋና ለሐረር መንገድ የኮይሎቨር ሞላ አመራረጥና አስተካከል

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚነዳ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከሆነው ሞቃት ሜዳ ተነሥቶ የደንገጎን ጥምዝምዝ ዳገት በመውጣት ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ኩርባው መኪናው እንዳያዘነብል ጠንከር ያለ ሞላ ያስመኛል፤ የከተሞቹ ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ግን ጎማው ወደ ላይ የሚነሣበት በቂ ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ኮይሎቨር (ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ ተገጥመው ከፍታቸው የሚስተካከልበት ዕቃ) ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደትና ለጎማው የሚተርፈው ርቀት ናቸው።

የሞላ ጥንካሬ የሚገለጸው ሞላውን በአንድ ሚሊ ሜትር ለማሳጠር በሚያስፈልገው ኪሎ ነው። በኒውተን በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ለ9.8፣ በፓውንድ በኢንች የተጻፈውን ለ56 በማካፈል ወደ ኪሎ መመለስ ይቻላል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም፤ ለከባድ መኪና ለስላሳ የሆነው ሞላ ለቀላሉ ደረቅ ይሆንበታል። ትርጉም ያለው መለኪያ መኪናው በሞላው ላይ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው። ለምቾት የተሠሩ የመንገድ መኪናዎች ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ ወደ 2 ሲጠጋ ተሳፋሪ ማማረር ይጀምራል። ለዚህ መንገድ ከፊት 1.5፣ ከኋላ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ተገቢ ይመስለኛል። ኋላው የሚበልጥበት ምክንያት የፊት ጎማ ጉብታውን ቀድሞ ስለሚመታ ነው፤ ዘግይቶ የሚጀምረው ኋላ ፈጠን ብሎ ካልደረሰበት መኪናው እንደ ጀልባ ከአፍንጫው ወደ ጭራው ይናጣል።

ስሌቱ ማንም መካኒክ በወረቀት ሊሠራው የሚችል ነው። በጎማው በኩል ሲታይ በመኪናው ክብደት 250 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጨመቅ ሞላ በሰከንድ 1 ጊዜ፣ 111 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ 1.5 ጊዜ፣ 62 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ደግሞ 2 ጊዜ ይወዛወዛል። አንድ ትንሽ መኪና በአንዱ የፊት ጎማ ላይ 300 ኪሎ ቢያሳርፍና ከዚህ ውስጥ ጎማው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ 35 ኪሎ ቢሆኑ፣ ሞላው የሚሸከመው 265 ኪሎ ነው። ይህ ለ111 ሲካፈል በጎማው በኩል 2.4 ኪሎ በሚሊ ሜትር ይሰጣል። ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከቦ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት የፊት አሠራር የሞላው ቁጥር ከዚህ ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ 2.7 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚሁ መኪና ላይ ባለ 5 ኪሎ ሞላ ቢገባ ውዝዋዜው ከ2 ያልፋል፤ ይህም ለውድድር ሜዳ እንጂ ለኮብልስቶን አይመከርም።

ሞላው ከጎማው ርቆ ወደ ውስጥ በተቀመጠበት አሠራር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጎማው በክሪክ 10 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ ሞላው 7 ብቻ ካጠረ፣ በጎማው በኩል የሚሰማው ጥንካሬ የሞላው 0.7 ሳይሆን 0.7 ጊዜ 0.7፣ ማለትም ግማሽ ገደማ ነው፤ ጉልበቱም ርቀቱም በየራሳቸው ይቀንሳሉና። እንዲህ ላለው መኪና በስሌት የተገኘውን በእጥፍ የሚጠጋ ሞላ ያስፈልጋል።

የኋላው ምርጫ ይበልጥ የሚከብደው ጭነቱ ስለሚለዋወጥ ነው። ሞላው በባዶው መኪና 170 ኪሎ የሚሸከም ከሆነና በጎማው በኩል 1.9 ኪሎ ጥንካሬ ከተመረጠ፣ ለታኅሣሥ 19 ቤተሰብና ዕቃ ይዞ ወደ ቁልቢ ሲወጣ 80 ኪሎ ቢጨመርበት ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አስቀድሞ ዝቅ በተደረገ መኪና ላይ ይህ ማለት ሞላው ቀርቶ ላስቲክ መግቻው (ሾኩ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ የሚያቆመው ጎማ መሰል ማረፊያ) መኪናውን ተሸከመ ማለት ነው። ወደ 2.2 ከፍ ቢደረግ ባዶው መኪና በሰከንድ 1.8 ጊዜ፣ የተጫነው 1.5 ጊዜ ገደማ ስለሚወዛወዝ፣ ብቻውን የሚነዳው ሰው ጥቂት ቢደርቀውም እኔ ይህንን እመርጣለሁ። በሐረር የታወቁት አሮጌ የፔጆ 404 ታክሲዎች በመጥፎ መንገድ የተመሰገኑት ለስላሳ ሞላና ረጅም የጎማ ንቅናቄ ስላላቸው መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ከፍታውን ሲያስተካክሉ፣ ሹፌሩ ተቀምጦ ሳለ መግቻው እስኪነካ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ይተዉ። ርዝመቱ ከታች በኩል የሚስተካከል ኮይሎቨር ካለ መኪናውን በዚያ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ የሞላውን መቀመጫ ቀለበት ማውረድ የጎማውን የመነሣት ርቀት ይበላልና። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክራል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ ጥንካሬው ወጥ በሆነ ሞላ ላይ የሚለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ዝቅ ማድረግ በአንዳንድ መኪናዎች ላይ በኩርባ ማዘንበሉን ሊያብሰው ይችላል። የደንገጎ ኩርባ ላይ ማዘንበሉ ካስቸገረ፣ ሞላ ከመለወጥ በፊት ወፈር ያለ ስታቢላይዘር (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኝ ዘንግ) መሞከር የተሻለ ነው፤ ሁለቱም ጎማዎች አብረው በሚነሡበት ጉብታ ላይ ምንም አያደርቅምና።

ሾክ አብዞርበሩን ማስተካከል ከመካከለኛው ነጥብ ተጀምሮ፣ ዘይቱ በሙቀት ስለሚቀጥን መኪናው ከተነዳ በኋላ እንጂ በጠዋት ብርድ አይደረግም። የጎማ ነፋስ ግን በተቃራኒው ጎማው ሳይሞቅ ይለካል። ከጉብታ በኋላ መኪናው ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ መመለሻው (ሾኩ ተመልሶ ሲረዝም የሚገታው ኃይል) ልል ነው። በተከታታይ ሻካራ መንገድ ላይ እየሰመጠ ሄዶ የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ መመለሻው ከመጠን በላይ ጠብቋል። በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ ደርሶ መልስ መንዳት፣ ዘንጉ ምን ያህል እንደገባ በግልጽ ያሳያል፤ ማሰሪያው መግቻው ድረስ ተገፍቶ ከተገኘ መኪናውን ከፍ ማድረግ ወይም ሞላውን በትንሹ ማጠንከር ያስፈልጋል።

ከፍታ በተለወጠ ቁጥር የጎማ አላይመንት እንደገና ይሠራል፤ የፊት መብራቱም ይስተካከላል። የፍሬን ቱቦዎች መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ እንዳይወጠሩ ይታያሉ። አዲስ ሞላ ጥቂት ስለሚረግብ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ የአራቱም ጎማ ከፍታ ዳግመኛ ተለክቶ፣ የቀለበቶቹ መቆለፊያ ይጠብቃል።