ተወካያችንን ስለ ሠራዊቱ ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ወታደር ያልወጣበት ሰፈር የለም። የእኔም ታናሽ ወንድም መከላከያ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያለው ተወካያችን አዳራሽ ገብቶ «ሠራዊቱን የሚያዘምን፣ የወታደሩን ኑሮ የሚያሻሽል ሕግ እደግፋለሁ» ሲል ጆሮዬ ይቆማል። ጭብጨባው ይቀልጣል። ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ይመጣና እኛው በገዛ እጃችን እናባክነዋለን። ያየኋቸውን፣ ራሴም የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«እደግፋለሁ» ሲባል ሥራው ያለቀ መምሰል

ይህ ትልቁ ነው። ረቂቅ አዋጅ ብዙውን ጊዜ ከመጽደቁ በፊት ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። የመከላከያን ጉዳይ የሚያየው የውጭ ግንኙነትና ሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። አንቀጽ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም እዚያ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይደግፋሉ ወይ?» መሆን የለበትም። የትኛውን አንቀጽ? ኮሚቴው ፊት ምን አሉ? ድምፅዎን እንዴት ሰጡ? ብላችሁ ጠይቁ። «ጸድቋል፣ ግን ፊርማ እየጠበቀ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ቀኑን ቁጠሩ። ፕሬዚዳንቱ የጸደቀ ሕግ ቀርቦላቸው በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ፣ ሕጉ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ እንዲውል ሕገ መንግሥቱ ያዛል።

አዋጅን፣ ደንብንና መመሪያን መቀላቀል

እኔ የተዋረድኩት እዚህ ላይ ነው። ማይኩን ይዤ የወንድሜን የዓመት ፈቃድ አነሳሁ። «ይህ የእኛ ሥልጣን አይደለም» ተባልኩ። ማይኩም ከእጄ ሄደ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። በኋላ ሲገባኝ ግን ያጠፋሁት ጥያቄውን ያቀረብኩበት መንገድ ላይ ነበር። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል። መመሪያ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ነው። የወታደሩን ዕለታዊ ኑሮ የሚነካው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ታች፣ መመሪያው ውስጥ ነው። ታዲያ እንዲህ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፦ «የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ 1100/2011ን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ከሥሩ የወጡት ደንቦችና መመሪያዎች መፈጸማቸውን እናንተ ተከታትላችኋል?» መከታተልና መቆጣጠር ሥራቸው ነው። ለዚህ «አይመለከተንም» የሚል መልስ አይሠራም።

ትጥቅና ስንቅን ማጣላት

«ድሮን ከመግዛት ለወታደሩ ደመወዝ ይጨመር» የሚል አለ። «መጀመሪያ ትጥቁ ይሟላ፣ ወታደር ችግር ይችላል» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና የሆነውን አስቡት። በዚያ ዘመን አየር ኃይላችን ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ነበረው። ነገሌ ያለው ወታደር ግን በምግቡና በውሃው ብልሹነት ተማርሮ አመፀ። አዛዦቹን አሰረ። ሊያነጋግር የተላከውንም ጄኔራል ያዘው፣ ወታደሩ የሚበላውን ምግብ አበላው። የ1966ቱ አብዮት ከመጀመሪያዎቹ ብልጭታዎች አንዱ ይህ ነው። ጄቱ የውሃውን ቦታ አልተካም። ተወካይ ስለ ማዘመን ሲያወራ ሰፈሩ፣ ሕክምናው፣ ቀለቡ አብረው የሚነሱ መሆን አለባቸው።

ጡረታን የሽማግሌ ጉዳይ ማድረግ

ሰኞ ገበያ አካባቢ የምታውቀኝ እናት አለች። ባሏ ወታደር ነበር፤ አርፏል። ወረቀቶቿን በስስ ፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ሥር ታስቀምጣለች። የጋብቻ ምስክር ወረቀቷ መታጠፊያው ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል። የሁለተኛው ልጅ የልደት ካርድ ግን የለም፤ በጊዜው ሳይወጣ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት ለጡረታው ስንት ጊዜ ተመላለሰች!

ወታደር ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፣ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምራል። ለሲቪል ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነው። ልዩነቱ የተቀመጠው ሥራው ስለሚከብድ ነው። ወታደሩ ሲያርፍ የትዳር ጓደኛ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል። ስለዚህ ይህ የወጣት ሚስቶችና የሕፃናት ጉዳይ ነው። ተወካዩን «ማስረጃ ያልተሟላላቸው ቤተሰቦች ጉዳያቸው እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ እንዲያልቅ ምን አደረጉ?» በሉት። እናንተም ዛሬውኑ የልጆቻችሁን የልደት ካርድ አውጡ።

ነሐሴ ላይ መንቃት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ምክር ቤቱ መስከረም መጨረሻ ሳምንት ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ተወካዮቹ ክረምቱን ሲመጡ ስለ ገንዘብ ብታነሱ በጀቱ አልቋል፣ መልሱ «ለከርሞ» ነው። በዓመቱ መካከል ለእረፍት ሲመጡ ያዟቸው። ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ጻፉ፣ አንዱን አስፈርማችሁ አስቀሩ።

የሰፈር ቧንቧና ኮብልስቶን ለከተማው ምክር ቤት ይቅር። የፓርቲ ንትርክም አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ላይ ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ይላል። ወታደሩ የማን ደጋፊ እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደጎደለው ተናገሩ።

ልጅ ያለበትን ቦታ በአደባባይ መናገር

ይህን የምንሠራው ከጭንቀት ነው፣ ይገባኛል። ግን አደገኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስልክ የሚቀርጽ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የመጡ እናት ተነሥተው፣ የልጃቸውን ክፍል ስም ጠርተው ያለበትን ቦታ ሊናገሩ ሲሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ነጠላቸውን ያዝ አደረጓቸው። «እትዬ፣ ቦታውን ይተዉት። ስንቁን ይጠይቁለት» አሏቸው በሹክሹክታ። እሳቸውም ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ ሲታመም የሚያክመው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።