እባቧ የቀለጠችውን አይጥ እምቢ ስትል

ድሬዳዋ ውስጥ እባብ አሳድጋለሁ ስትሉ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ወንበሩን ራቅ ያደርጋል። የኔዋ ቡናማ የቤት እባብ ናት፣ መርዝ የላትም። ነጭ አይጦች ራሴ አራባለሁ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። እማዬ ስጋ መስሏት ፌስታሉን ከፈታች ወዲህ አይጦቹ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ናቸው።

ታሸታታለች፣ ግን አትነክስም

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእባቧ አይደለም። አይጧ ቀዝቃዛ ናት፤ የቀዘቀዘ ነገር ደግሞ ሽታው ደካማ ነው።

የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ያታልላል። መስኮት ላይ ያኖራችኋት አይጥ ወዲያው ጸጉሯ ይለሰልሳል፣ የቀለጠች ትመስላለች። ሆዷን በጣት ጫን በሉ። መሃል ላይ እንደ ጠጠር የሚቆረቁር ነገር ካለ ገና በረዶ ነው። መሃሏ እስኪቀልጥ ብትጠብቁ ደግሞ ላይ ላዩ መሽተት ይጀምራል።

ስለዚህ ማታውኑ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጁ አውርዷት። ጠዋት በፌስታል ቋጥራችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ 15 ወይም 20 ደቂቃ አቆዩአት። የፈላ አይሁን፤ እጅ የሚችለው፣ 40 ዲግሪ አካባቢ። በሙቀቱ ወራት እኩለ ቀን ላይ ከጣራው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። አድርቃችሁ በረጅም ወረንጦ ያዙና ትንሽ አወዛውዟት። በእጅ አይሆንም፤ ጣታችሁም ሞቃት ነው።

ማይክሮዌቭስ? አቦ፣ ተዉት። እኔ ሞክሬው ሆዷ ፈነዳ። ኩሽናውን ሳጸዳ ነው የዋልኩት።

አይጧ ሞቃ እንኳ እባቧ እምቢ ካለች የእባቧን ዓይን እዩ። ደመና የለበሰ፣ ሰማያዊ ቢጤ ከሆነ ቆዳ ልትቀይር ነው። ቀይራ እስክትጨርስ ተዉአት።

ዋጠች፣ ከዚያ መልሳ ተፋች

ጀጎል ውስጥ ያለ ጓደኛዬ ያጋጠመው ይሄ ነው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ሌሊቱ ይበርዳል። እባብ ካልሞቃት ምግብ አይፈጭላትም፤ ሆዷ ውስጥ ይበሰብስና ትተፋዋለች። የሳጥኑ አንዱ ጎን 30 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይበል። በድሬ ሙቀት ግን ጭንቀቱ ተቃራኒው ነው፦ ቀዝቃዛውን ጎን ከየት ታመጣላችሁ?

የአይጧ ውፍረትም ከእባቧ ወገብ ብዙ አይብለጥ። ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አታንሷት። ተፍታ ከሆነ ሁለት ሳምንት አሳርፏትና ከበፊቷ ያነሰች አይጥ ስጧት።

መብራት ሄዶ ቆየ

አይጧ እንደ ድንጋይ ከሆነች ምንም አልሆነችም። ለስልሳና ሞቃ ካገኛችኋት ጣሏት፤ መልሳችሁ አታቀዝቅዟት። የፍሪዘሩን ባዶ ቦታ ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ሙሉት፤ በረዶው ሰዓታት ይገዛላችኋል።

ያለው ሁሉ ተጣለ ብላችሁ ግን ጓዳ የተያዘች አይጥ እንዳትሰጧት። ጎረቤት መርዝ በትኖ ይሆናል።