ክንፉ የሚጠመዘዝ ሞዴል አውሮፕላን፦ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከመውጣትዎ በፊት የሚታረሙ ስህተቶች

አይለሮን (ክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፍ ቁራጭ) ሳይኖረው ጫፉን በመጠምዘዝ ብቻ የሚያጋድል ክንፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ የራይት ወንድማማቾች የ1903ቱ (እ.ኤ.አ.) አውሮፕላን እንዲሁ ነበር። ዛሬ ከፎምና ከካርቦን ቱቦ አንድ ሜትር የሚሆን ክንፍ መሥራት ቀሏል፤ ማበላሸቱም እንዲሁ።

ትልቁ ስህተት ክንፉን ዙሪያውን ማሸግ ነው። አንድ ወረቀት ጠቅልለው ቱቦ ያድርጉና መጋጠሚያውን ከዳር እስከ ዳር በፕላስተር ያሽጉት፤ ሊጠመዝዙት ሲሞክሩ እምቢ ይላል። ፕላስተሩን ይላጡት፣ እንደ ልብ ይዞራል። ክንፉም ያው ነው። የላይኛውና የታችኛው ልባስ በኋላ ጠርዙ ላይ ከተጣበቁ፣ ባለ 9 ግራም ሰርቮ (ክንፉን የሚጠመዝዘው ትንሽ ሞተር) ይጮኻል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ጥርሱ ይረግፋል። ጠርዙን ሳያጣብቁ ይተዉት፤ ልባሶቹ በክንፉ ርዝመት አቅጣጫ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢንሸራተቱ ይበቃል። ለክንፉ ቅርጽ ከሚሰጡት ጎድኖችም ከካርቦን ቱቦው ጋር የሚጣበቀው ከአካሉ አጠገብ ያለው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በቱቦው ላይ ይዙሩ። ነጭ ፎም ላይ ሱፐር ግሉ አይንካ፣ ያቀልጠዋል።

ሁለተኛው፣ ቱቦውን ክንፉ መሀል ላይ ማድረግ። የማንሳት ኃይሉ የሚያርፈው ከፊት ጠርዙ ሩብ ላይ ነው፤ ክንፉ 18 ሳንቲ ሜትር ከሰፋ 4.5 ላይ። ቱቦው 9 ላይ ከሆነ አየሩ የፊት ጠርዙን ቀና ያደርገዋል፣ ቀና ሲል ደግሞ ይብስ ይገፋዋል፤ ፍጥነት ሲጨመር ክንፉ ራሱን ጠምዝዞ ይሰበራል። ሰርቮውም ከቱቦው ኋላ አይቀመጥ፣ ክንፉን ለመርገብገብ ያጋልጠዋል።

የጅራቱን መሪ መርሳትም አለ። ቀና ያለው ክንፍ ሲያነሳ ወደ ኋላም ስለሚጎተት አፍንጫው ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ራይቶች ይህን አይተው በ1902 መሪውን ከጠመዝማዛው ጋር አገናኙት፤ እርስዎም መሪው የጠመዝማዛውን ትእዛዝ እንዲከተል ሪሞቱ ላይ ከ20 በመቶ ጀምረው ያቀናጁት።

ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ገደማ ይሳሳል። ባለ 8 ኢንች ፕሮፔለር የነበረው በ9 ይለወጥ፣ ሞተሩ እንዳይግል እየተነካ። ክንፉ የሚከዳበት (አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው) ፍጥነትም 14 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ቪዲዮ ላይ ባዩት ፍጥነት ለማረፍ አይሞክሩ። ጫፉ ከ4 ዲግሪ በላይ፣ ማለትም የኋላ ጠርዙ ከ9 ሚሊሜትር በላይ አይውረድ፤ በዝግታ ሲበሩ ከዚያ ካለፈ ያ ጫፍ ቀድሞ ይከዳል፣ ግራ ብለው ሲያዙት ወደ ቀኝ ይገለበጣል።