ኦስሎን በወር ትኬት፦ ለአዲስ ገቢዎች የት፣ መቼ፣ እንዴት

ኦስሎ ውድ ከተማ ናት፤ ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት ሱፐርማርኬት ስትገቡ ታውቁታላችሁ። በዚህ የተነሳ ብዙ ወገኖቻችን ከቤት ወደ ቋንቋ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ቤት እየተመላለሱ አንድ ሁለት ዓመት ይገፋሉ፤ ሽርሽሩ «ሥራ ስይዝ» ለሚባል ቀን ይቀመጣል። ነገር ግን የከተማዋ ምርጥ ምርጥ ቦታዎች ወይ በነጻ የሚታዩ ናቸው፣ ወይ ደግሞ ለትምህርት መመላለሻ በገዛችሁት የወር ትኬት የሚደረስባቸው። ስለዚህ ከትኬቱ እንጀምር። (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትራሙ፣ አውቶቡሱ፣ ቲ-ባነ የሚባለው ሜትሮና ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱት ጀልባዎች ሩተር በሚባለው የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት ሥር በአንድ ትኬት ይሠራሉ። ኦስሎ በሙሉ ዞን 1 ነው። የዞን 1 የ30 ቀን ትኬት የያዘ ሰው ለደሴት ጀልባ አንድ ክሮነር አይጨምርም። ይህን ባለማወቅ ወደብ ላይ ለቱሪስት መርከብ ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ አሉ፤ የሁለቱ መሳፈሪያ ጎን ለጎን ስለሆነ መሳሳቱ ቀላል ነው። ዕድሜያቸው 6 ያልሞላ ልጆች ያለ ትኬት ይሄዳሉ።

ጣቢያዎቹ የሚዘጋ በር የላቸውም፤ ቁጥጥር ግን አለ። ተቆጣጣሪዎች በድንገት ይገባሉ፣ ቅጣቱም የብዙ ጉዞ ትኬት ይገዛል። ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ይገዛል። መተግበሪያውን የምትጠቀሙ ከሆነ የስልካችሁ ባትሪ ቢያልቅ ትኬት እንደሌላችሁ ይቆጠራል፤ ባትሪው የሚያስቸግር ስልክ ያለው ሰው የ30 ቀኑን ትኬት በፕላስቲኩ ካርድ ላይ ቢያስሞላ ይሻለዋል። ከአገር ቤት እንግዳ ለመቀበል ስትሄዱ ደግሞ ጋርደርሙን አውሮፕላን ማረፊያ ከዞን 1 ውጭ መሆኑን አትርሱ። ተጨማሪ ዞን ገዝታችሁ በተራው ባቡር ሂዱ። ፍሊቶገት የሚባለው ፈጣን ባቡር የሩተርን ትኬት አይቀበልም።

ከባቡር ጣቢያው ወደ ባሕሩ

ለመጀመሪያው ቀን ቢዮርቪካን እንመክራለን፤ ሁሉም ነገር በእግር የሚደረስበት ሰፈር ነው። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ በባሕሩ በኩል ስትወጡ የምታዩት ነጭ ሕንፃ በ2008 የተከፈተው ኦፔራ ቤት ነው። ጣሪያው ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ የእብነ በረድ ሜዳ ሲሆን ሰው በነጻ ይራመድበታል፤ አናቱ ላይ ስትደርሱ ፊዮርዱ (ወደ የብስ የገባው የባሕር ክንድ)፣ ደሴቶቹና ከከተማዋ በስተጀርባ ያለው ጫካ በአንድ ላይ ይታያሉ። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። በፀሐይ ቀን ነጩ ድንጋይ ስለሚያንጸባርቅ በመሃል በመሃል ያሉት ዝቅተኛ እርከኖች አይለዩም፣ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ነው። በውሃው በኩል ደግሞ አጥር የለም፤ ሩጫ የሚወድ ልጅ ካላችሁ እጁን አትልቀቁ። በክረምት በረዶ ከጋገረበት ከታች ሆኖ ማየቱ ይበቃል።

ፊት ለፊቱ በ2020 የተከፈተው ዳይክማን ቤተ መጻሕፍት አለ። እኛ ከኦስሎ ሕንፃዎች ሁሉ ለአዲስ ገቢ የሚጠቅመው ይህ ነው ብለን እናምናለን። መግቢያው ነጻ ነው፣ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ምን ፈለግህ የሚል የለም፤ ኢንተርኔት፣ የልጆች መጫወቻ ክፍል፣ የጥናት ጠረጴዛ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ሳይቀር አለው። ኖርዌጂያንኛ ለመለማመድ የሚሰበሰቡ ሰዎችም አሉ፤ መቼ እንደሚገናኙ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሠራተኞች ጠይቁ። ከቤተ መጻሕፍቱ አለፍ ብሎ አናቱ ወደፊት ያጎነበሰው ረጅም ሕንፃ የሠዓሊው ኤድቫርድ ሙንክ ሙዚየም ነው። «ጩኸት» የሚባለውን የታወቀ ሥዕል ለማየት የምትገቡ ከሆነ የ1893ቱ የቀለም ሥዕል እዚህ እንደሌለ እወቁ፤ ያለው በ2022 በከተማው አዳራሽ አቅራቢያ የተከፈተው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ብሔራዊ ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ግን ነጻ ነው።

የከተማው አዳራሽ ሁለት ቀይ ማማ ያለው የጡብ ሕንፃ ነው፤ በ1950 ተመረቀ። የኖቤል የሰላም ሽልማት በየዓመቱ ዲሴምበር 10 የሚሰጠው በዚህ አዳራሽ ነው። በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የተሸለሙትም እዚሁ ነበር። መግባት ነጻ ነው፤ ሥነ ሥርዓት ባለበት ቀን ግን ይዘጋል። ከዚያ በእግር ጥቂት ሄዳችሁ አከርሽሁስ ምሽግ ላይ ውጡ። ሥራው የተጀመረው በ1300 አካባቢ ነው፤ ግቢው ነጻ ነው፣ ግንቡ ላይ ሆኖ ጀልባዎቹን ማየት ደስ ይላል። በቤተ መንግሥቱ ፊት ደግሞ የዘብ ለውጥ በየቀኑ በ13:30 አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7፡30 ማለት ነው። የጀልባውም የሙዚየሙም ሰዓት የሚጻፈው በ24 ሰዓት ስለሆነ ከ7:00 እስከ 18:59 ላለው 6 ቀንሱለት። ከ19:00 ጀምሮ ሲሆን 18 መቀነስ ብቻ ነው፤ 21:30 ከምሽቱ 3፡30 ይሆናል።

ደሴቶቹ

ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ካለው ወደብ የሚነሱት የሩተር ጀልባዎች ቢ የሚል ፊደልና ቁጥር አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሆቬዶያ ይውረድ። አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ደሴቷ ላይ በ1147 የተመሠረተ የመነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ፣ ጫካና ጠጠራማ የባሕር ዳርቻ አለ። ከፊሏ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ስለሆነ አበባ መቅጠፍም ድንኳን ተክሎ ማደርም አይፈቀድም። ማደር ካማራችሁ በበጋ ወደ ላንጎየነ ሂዱ፤ ድንኳን የሚፈቀደው እዚያ ነው።

ሞቃት ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ሰልፉ ይረዝማል፣ የሕፃን ጋሪ የያዘ ሰው ጀልባው ሞልቶ ሊያመልጠው ይችላል። ጠዋት ከ11:00 (በእኛ ከረፋዱ 5፡00) በፊት ሂዱ፣ ስትደርሱም የመጨረሻውን የመመለሻ ጀልባ ሰዓት ከሰሌዳው ላይ ፎቶ አንሱ። የሰሌዳው ሰዓት በበጋና በክረምት ይለያያል፣ እሑድም ከሌላው ቀን ይለያል።

ምግብ ከቤት ያዙ። ኪዮስኮቹ የሚከፈቱት በበጋ ነው፣ ዋነኛ ሽያጫቸውም ቋሊማ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስላለበት ሳትጠይቁ አትግዙ። ለጾመኛ የሚሆን እምብዛም አይገኝም። ግሮንላንድ ሰፈር ካሉት ሱቆች እንጀራ ገዝታችሁ፣ ሽሮውን ወይም አልጫውን ወፈር አድርጋችሁ በክዳን ዕቃ ብትይዙ ጥሩ ነው፤ ቀጭን ወጥ ጀልባ ላይ ይፈሳል። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ውሰዱ። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥና ጫካ ዳር እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ከሰል አቀጣጥሎ ጀበና መጣድ ችግር ውስጥ ያስገባል። የቧንቧ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ጠርሙሳችሁን ከቤት ሞልታችሁ ውጡ።

አሁን ስለ ዋና፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። የፊዮርዱ ውሃ በጁላይም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው። በድንገት የዘለለ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ክንዱም ቶሎ ይዝላል። አገር ቤት ወንዝ ውስጥ ወይም ላንጋኖ ላይ ትንሽ የዋኘ ሰው «እችላለሁ» ብሎ ይገባል፤ የባሕሩ ወለል ግን ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ በድንገት ሊጠልቅ ይችላል። እስከ ወገብ ገብታችሁ፣ ፊታችሁንና ደረታችሁን አርጥባችሁ፣ ትንፋሻችሁ ሲረጋጋ ብቻ ቀጥሉ። ዋና የማይችል ሰው ወደ ሶሬንጋ ይሂድ። ከኦፔራው በእግር የሚደረስ ነጻ የባሕር መዋኛ ነው፤ ለልጆች የተለየ ገንዳ አለው። ልጆች ሁልጊዜ እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ይሁኑ።

ቢግዶይ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለውን ሁክ የባሕር ዳርቻ ብዙ ሰው ያመሰግናል፤ በ30 ቁጥር አውቶቡስ ይኬዳል። እዚያም፣ ላንጎየነም ላይ ሰዎች ራቁታቸውን የሚዋኙበት የተከለለ ቦታ አለ። ሕጋዊ ነው፣ በምልክትም ይታወቃል፤ ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ስትሄዱ ምልክቱን አይታችሁ ወደ ሌላኛው ጎን እለፉ።

ፓርክ፣ ሐይቅ፣ በረዶ

ቪገላንድ ፓርክ በ12 ቁጥር ትራም ይደረሳል፤ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፣ አይከፈልበትም። ከ200 በላይ ሐውልቶቹን የሠራው ጉስታቭ ቪገላንድ ሲሆን ሰው ከልደት እስከ ሞት ያለውን ጉዞ ያሳያሉ። ሁሉም ራቁት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ይህን አስቀድማችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ። መሃሉ ላይ ያለው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ 14 ሜትር ገደማ ዓምድ ነው፤ 121 ሰዎች ተቆላልፈው ሽቅብ ይወጡበታል። ቀረብ ብላችሁ ዙሩት፤ ከታች ያሉት የተጫኑ አካላት ወደ ላይ ሲሄድ ሕፃናት ይሆናሉ።

ለሕፃን ጋሪና ለአዛውንት የሚመቸው ሶግንስቫን ሐይቅ ነው። የ5 ቁጥር ቲ-ባነ መጨረሻ ላይ ትወርዳላችሁ፤ ዙሪያው 3.3 ኪሎ ሜትር ደልዳላ መንገድ ነው። በኖርዌይ ሕግ ማንም ሰው በጫካው ውስጥ ሊሄድና የጫካ እንጆሪና ብሉቤሪ ሊለቅም ይችላል። እንጉዳይም ይለቀማል፤ የማታውቁትን እንጉዳይ ግን አትብሉ፣ መርዘኛ አለበት።

በዲሴምበር ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ሆዱ የሚባባው በዚያ ወቅት ነው። ከቤት ለመውጣት ጥሩው ምክንያት ኮርከትረከረን ነው፦ ከፍሮግነርሴተረን እስከ ሚድትስቱየን 2 ኪሎ ሜትር ገደማ በሸርተቴ የሚወረድበት ጠመዝማዛ የበረዶ መንገድ። በ1 ቁጥር ቲ-ባነ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፣ ትንሸራተታላችሁ፣ ታች ስትደርሱ እዚያው ባቡር ላይ ተሳፍራችሁ ትመለሳላችሁ፤ በወር ትኬት የፈለጋችሁትን ያህል። ሸርተቴ ላይኛው ጫፍ ላይ ይከራያል፤ ቡአ የሚባለው የዕቃ ማዋሻ ደግሞ ሸርተቴም ስኪም በነጻ ያውሳል። የራስ ቁር አድርጉ። ፍሬኑ እግራችሁ ነው፤ ተረከዛችሁን በረዶው ላይ ጫኑ፣ ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ላይ አይደለም። በረዶው ቀልጦ እንደገና የጋገረ ቀን መንገዱ መስታወት ስለሚሆን ተዉት። ጂንስ አትልበሱ፤ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ልብስ ይሁን።

ቢግዶይ ላይ ያለው የቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም ለግንባታ ከ2022 ጀምሮ ስለተዘጋ፣ አሮጌ መመሪያ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መከፈቱን አረጋግጡ። እዚያው ያለው የኖርዌይ ሕዝብ ሙዚየም ግን ከየአውራጃው የመጡ አሮጌ የእንጨት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያን ስላሉት ሙሉ ቀን ይወስዳል።

በመጨረሻ ቢስሌት የሚባለው የአትሌቲክስ ስታዲየም። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ14፡11.15 የሰበረችው እዚህ ነው፤ ክብረ ወሰኑ በ2020 ለተሰንበት ግደይ እስክታሻሽለው ቆየ። ሐጎስ ገብረሕይወትም በ2024 እዚሁ 12፡36.73 ሮጦ የወንዶቹን ክብረ ወሰን በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ብቻ ሳተው። ቢስሌት ጌምስ የሚባለው የስታዲየሙ ዓመታዊ የአትሌቲክስ ውድድር በአብዛኛው ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን ላይ ነው። ቀኑ እንደታወቀ ትኬት ግዙ፣ መጨረሻ መስመሩ በሚታይበት በኩል ቦታ ምረጡ፣ ጃኬትም ያዙ፤ ሩጫው ማታ ነው፣ ፀሐይ እያለም ይበርዳል።